ቤተሰብ ይዞ የኮሌጅ ባስኬትቦል ውድድር ማየት፦ ከትኬት ግዢ እስከ ቤት መመለሻ

ማርች ሲቃረብ ያው ጥያቄ ይመጣል። «ልጆቹ ባስኬትቦል ካላየን ብለው አስቸግረውናል፤ የኤንቢኤ ትኬት ደግሞ አይቀመስም። የኮሌጁን ውድድር እንዴት ነው የምናየው?» ለሁሉም በየተራ በስልክ ከማስረዳ እዚህ አስቀምጬላችኋለሁ።

የጻፍኩት በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ለሚኖር ቤተሰብ ነው። ሌላ ከተማ ያላችሁ የባቡሩን ክፍል ዝለሉትና ቀሪውን ተጠቀሙበት። ሰዓት የምጠቅሰው ትኬቱ ላይ እንደሚጻፈው በአሜሪካ አቆጣጠር ነው።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሄዱ ከሆነ የአንድ ሴሽን ትኬት ብቻ ግዙ፤ ሴሽን ማለት በአንድ ትኬት የሚታዩ፣ ብዙውን ጊዜ ሁለት፣ ጨዋታዎች ናቸው። ቀኑን የሚያበላሸው ብዙውን ጊዜ የልጆች ድካም ነው። ከታች የዘረዘርኩት ሁሉ እነሱ ሳይሰለቹ ቤት ለመመለስ ታስቦ የተቀመጠ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ትኬቱ የገባበት ስልክ፣ ቻርጁ ሙሉ የሆነ፣ ከነፓወር ባንኩ
- የባንክ ካርድ
- ለአዋቂዎችና 5 ዓመት ለሞላቸው ልጆች ስማርትሪፕ የሚባለው የሜትሮ ባቡር መክፈያ ካርድ፣ ለደርሶ መልስ የሚበቃ ገንዘብ የተሞላበት
- ለሕፃናትና ለትንንሽ ልጆች ጆሮ ላይ የሚደፋ የድምፅ መከላከያ
- ለልጆች ሹራብ፣ አያት አብረው ካሉ ነጠላ ወይም ቀለል ያለ ጋቢ
- ዋይፕስ፤ ሕፃን ካለ ዳይፐርና ወተት
- በቀላሉ የማይለቅ እስክሪብቶ
- የአሬናው ደንብ የሚፈቅደው ዓይነት ቦርሳ
- በሰዓቱ የሚወሰድ መድኃኒት ካለ ከነብልቃጡ

ደረጃ 1፦ ውድድሩን ምረጡ

የአሜሪካ ኮሌጆች ኮንፈረንስ በሚባሉ ምድቦች ተከፋፍለው ነው የሚጫወቱት። አብዛኛው ኮንፈረንስ ማርች መጀመሪያ ላይ የራሱን ውድድር ያዘጋጃል። የተሸነፈ ቡድን ወዲያው ይሰናበታል። ዋንጫውን የወሰደ ደግሞ በቀጥታ ወደ አገር አቀፉ የኤንሲኤኤ ውድድር ያልፋል። ለዚህ ነው ስማቸውን ሰምታችሁ የማታውቋቸው ሁለት ኮሌጆች ሲገናኙ እንኳ አዳራሹ የሚናወጠው። ለብዙዎቹ የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች ያ ጨዋታ የሕይወታቸው የመጨረሻ ውድድር ሊሆን ይችላል።

ልጆች ይዛችሁ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትሄዱ ትንሽ አሬና ምረጡ። በእኛ አካባቢ ጥሩው ምሳሌ የኮስታል አትሌቲክ አሶሲየሽን፣ በአጭሩ ሲኤኤ የሚባለው ነው። እነ ታውሰን፣ ሃምፕተንና ሆፍስትራ የሚጫወቱበት ማለት ነው። በቅርብ ዓመታት ውድድሩ የሚካሄደው በደቡብ ምሥራቅ ዲሲ፣ ኮንግረስ ሃይትስ በሚገኘው ኬርፈርስት አሬና ነው። የሚይዘው 4,200 ሰው ገደማ ስለሆነ የትም ብትቀመጡ የተጫዋቾቹ ፊት ይታያል። ልጅ ሽንት ቤት ለመውሰድም ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። መሀል ከተማ ያለው ካፒታል ዋን አሬና ግን 20,000 ሰው ገደማ ይይዛል። ትልልቅ ውድድሮች ሲመጡ ድባቡ ሌላ ነው፤ ለ4 ዓመት ልጅ ግን ይከብዳል።

የሴቶቹን ውድድርም እዩት። ትኬቱ አብዛኛውን ጊዜ ይረክሳል፣ ሰልፉም ያጥራል። ባስኬትቦል የምትጫወት ሴት ልጅ ካለቻችሁማ ሌላ አትፈልጉ፣ በዚያ ጀምሩ።

ደረጃ 2፦ ሴሽኑን ምረጡ

አዲስ ሰው በብዛት የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የውድድር ትኬት የሚሸጠው በጨዋታ ሳይሆን በሴሽን ነው። አንድ ሴሽን ብዙውን ጊዜ ሁለት ጨዋታ አለው። በቀን አራት ጨዋታ ካለ የቀኑና የማታው ሴሽን ለየብቻ ናቸው። የቀኑ ሲያልቅ አዳራሹ ባዶ ይደረጋል፤ የማታውን ለማየት ሌላ ትኬት ይዞ እንደገና መሰለፍ ነው።

ስሌቱ እንዲህ ነው። የወንዶቹ ጨዋታ ሁለት ባለ 20 ደቂቃ አጋማሽ አለው። ሰዓቱ ግን በየፉጨቱ ስለሚቆም 40 ደቂቃ የተባለው ከ2 ሰዓት በላይ ይወስዳል። በሁለቱ ጨዋታዎች መሀል ግማሽ ሰዓት ገደማ አለ። ስለዚህ 12 ፒኤም የጀመረ ሴሽን ወደ 5 ፒኤም ይገፋል። መጀመሪያው ጨዋታ ወደ ጭማሪ ሰዓት ከሄደ ደግሞ ሁለተኛውም ይዘገያል።

- ከ5 ዓመት በታች ልጅ ካላችሁ ለሁለተኛው ጨዋታ ብቻ ድረሱ። ትኬቱ አርፍዶ መግባትን አይከለክልም።
- ልጆቹ ከ8 ዓመት በላይ ከሆኑ ሙሉውን የቀን ሴሽን ይችሉታል።
- የማታ ሴሽን በማግስቱ ትምህርት ለሌላቸው ብቻ ይሁን። ሁለተኛው ጨዋታ እኩለ ሌሊት አካባቢ ሊያልቅ ይችላል።
- የፍጻሜው ቀን ብዙ ጊዜ አንድ ጨዋታ ብቻ ስለሆነ አጭር ነው። ዋጋው ግን ከፍ ይላል።

ማስጠንቀቂያ፦ በማርች ሁለተኛው እሑድ ሌሊት ሰዓት አንድ ወደፊት ይሄዳል። ብዙ ውድድሮች ያን ቅዳሜና እሑድ ላይ ይውላሉ። ስልካችሁ ራሱ ያስተካክላል፤ የግድግዳው ሰዓት ግን ባለበት ይቆያል። እሑድ ቅዳሴ የምታስቀድሱ ከሆነም የቀኑ ሴሽን ስለሚጋጭባችሁ ቅዳሜን ምረጡ። ለእማማ ወይም ለአባባ ቀጠሮውን ስትነግሩ «12 ሰዓት» ብላችሁ አትተዉት። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ቀን 6 ሰዓት መሆኑን ጨምሩ፤ አለዚያ ገና ምሳ ሲሠሩ ትደርሳላችሁ።

ደረጃ 3፦ ትኬቱን ግዙ

ከኮንፈረንሱ ወይም ከአሬናው ድረ ገጽ ግዙ። መጀመሪያ የሚታየው ዋጋ ላይ የአገልግሎት ክፍያ ሊጨመርበት ስለሚችል፣ በቤተሰብ ቁጥር አባዝታችሁ የመጨረሻውን ድምር ሳታዩ አትወስኑ። ጭን ላይ የሚቀመጥ ሕፃን ትኬት ያስፈልገው እንደሆነ የዚያን አሬና ደንብ እዩ። የዕድሜው ወሰን ከቦታ ቦታ ይለያያል።

መቀመጫ ስትመርጡ መተላለፊያው ዳር ያሉትን ወንበሮች ያዙ። ልጅ በተነሳ ቁጥር ስድስት ሰው ማስነሳት ለእናንተም ለሰዎቹም አይመችም። አያት ካሉ የላይኛውን ፎቅ ተዉት። ደረጃው ቀጥ ያለ ነው፣ መደገፊያ ብረቱም በየወንበሩ አይገኝም። ተሽከርካሪ ወንበር ለሚጠቀም ወይም ደረጃ ለማይችል ሰው የተለየ ቦታ ስላለ ሲገዛ ያንን ምልክት ምረጡ። በኋላ በር ላይ መለመን ይከብዳል።

ዋጋው ከበዛባችሁ ትንሽ ታገሱ። ብዙ ደጋፊ ያለው ቡድን ሲሸነፍ ደጋፊዎቹ የቀሪዎቹን ቀናት ትኬት በሕጋዊው የመሸጫ ገጽ ላይ ያወጡታል። ያኔ ዋጋው ሊወርድ ይችላል።

ማስጠንቀቂያ፦ ከበር ውጭ ወረቀት ወይም የስልክ ፎቶ ይዞ ከሚሸጥ ሰው አትግዙ። አሁን አብዛኛው ትኬት ስልክ ላይ ነው፣ ባርኮዱም በየጊዜው ይቀያየራል። ስክሪንሾት በሩ ላይ አይሠራም። በዚሁ ምክንያት ለባለቤታችሁ ትኬት ስትልኩ ፎቶ አንስታችሁ ሳይሆን በመተግበሪያው በኩል አስተላልፉ።

ደረጃ 4፦ የቦርሳና የዕቃ ደንቡን አንብቡ

ከመሄዳችሁ ሁለትና ሦስት ቀን በፊት የአሬናውን ገጽ ክፈቱና የቦርሳውን ደንብ እዩ። አንዳንዱ ውስጡ የሚታይ ፕላስቲክ ቦርሳ ብቻ ይፈቅዳል፤ የተለመደው ልክ 12 በ6 በ12 ኢንች ነው። አንዳንዱ ከእጅ መዳፍ ብዙም የማይበልጥ ቦርሳ እንጂ ሌላ አያስገባም። የሕፃን ዳይፐርና የመድኃኒት ቦርሳ በአብዛኛው ተፈትሾ ያልፋል፤ ሕፃኑ አብሮ መኖር አለበት።

የእኛ ሰው በር ላይ በብዛት የሚቸገርባቸው ዕቃዎች እነዚህ ናቸው፦ የቡና ወይም የሻይ ፔርሙዝ፣ ምሳ ዕቃ፣ የልጆች የትምህርት ቤት ቦርሳ፣ የብረት ውኃ መያዣ። በባቡር ከመጣችሁ እነዚህን የምትመልሱበት መኪና የለም። የአያትን ፔርሙዝ የቆሻሻ በርሜል አጠገብ ጥሎ መግባት ያስከፋል፤ ከቤት ሳትወጡ ኪሶችንና ቦርሳዎችን አንድ በአንድ እዩ።

ደረጃ 5፦ የምግቡን ነገር ከቤት ጨርሱ

ከውጭ ምግብ ማስገባት በአብዛኛው ክልክል ነው፣ የውስጡ ደግሞ ውድ ነው። አራት ሰው አንዳንድ ነገር ከበላ ወጪው የትኬቱን ያህል ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ጠገብ ብላችሁ ውጡ። ልጆቹን ቢያንስ ከጨዋታው አንድ ሰዓት ተኩል በፊት አብሏቸው። ውስጥ አንድ ነገር ብቻ እንደምትገዙላቸው አስቀድማችሁ ንገሯቸው፤ ይህ ብዙ ልቅሶ ያስቀራል።

ይህ ውድድር ብዙ ጊዜ ዐቢይ ጾም ውስጥ ነው የሚውለው። እስከ 9 ሰዓት፣ በአሜሪካው 3 ፒኤም ድረስ የምትቆዩ ሰዎች ካላችሁ ውስጥ ያለውን ምግብ አትተማመኑ። የተጠበሰ ድንች የጾም ይመስላል፤ ዶሮ የተጠበሰበት ዘይት ውስጥ ሊጠበስ ስለሚችል ጠይቁ። ፋንድሻና ፕሬትዝል ላይ ቅቤ ሊኖር ይችላል። «ያለ ቅቤ» ብላችሁ እዘዙ። ለእኔ የሚሻለው ግን ከጨዋታው በኋላ መብላት ነው፤ ደረጃ 9 ላይ እመጣበታለሁ።

ረመዳን የገጠመበት ዓመት ከሆነ የማታውን ሴሽን ከመግዛታችሁ በፊት የማፍጠሪያውን ሰዓት እዩ። ቴምርና ውኃ ይዞ መግባት ይቻል እንደሆነ ለአሬናው አስቀድማችሁ ደውሉ። ብዙ ጊዜ ሰው በትሕትና ሲጠይቅ መፍትሔ ይሰጡታል።

ደረጃ 6፦ በባቡር ሂዱ

አሬና አካባቢ መኪና ማቆሚያ ውድ ነው፣ ሲያልቅም ሁሉም በአንድ ጊዜ ይወጣል። ሜትሮ ይሻላል። እያንዳንዱ ከፋይ አዋቂ ከ5 ዓመት በታች ሁለት ልጆችን በነጻ ይዞ መሳፈር ይችላል። ቅዳሜና እሑድ የሜትሮ ማቆሚያዎች ላይ መኪና ማቆምም ነጻ ነው።

ወደ ኬርፈርስት አሬና፦

- ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ ቀዩን መስመር ይዛችሁ ፎርት ቶተን ውረዱ። በብራንች አቬኑ አቅጣጫ የሚሄደውን አረንጓዴ መስመር ያዙና ኮንግረስ ሃይትስ ውረዱ።
- ከአሌክሳንድሪያ ኪንግ ስትሪት፦ ቢጫውን ይዛችሁ ላንፋን ፕላዛ ውረዱ፤ ከዚያ ያው አረንጓዴ መስመር ነው።

ወደ ካፒታል ዋን አሬና የምትሄዱ ጋለሪ ፕሌስ ውረዱ። ቀይ፣ አረንጓዴና ቢጫ መስመሮች እዚያ ይገናኛሉ፤ ጣቢያው አሬናው ሥር ነው።

ቅዳሜና እሑድ የሐዲድ ጥገና ስለሚኖር ከመውጣታችሁ በፊት የሜትሮን ማስታወቂያ እዩ። በሩ ጋ ከጨዋታው 45 ደቂቃ በፊት ድረሱ። ቀድሞ መድረስ ሌላም ጥቅም አለው። ቡድኖቹ ሲያሟሙቁ ማየት ለልጆች ከጨዋታው አይተናነስም። ተጫዋቾቹ እየዘለሉ ኳሷን ከላይ ሲያስገቡ ከቅርብ የሚያዩት ያኔ ነው።

ደረጃ 7፦ በር ላይ

ሦስት ነገር አድርጉ፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሰልፍ ውስጥ ከመግባታችሁ በፊት።

ሀ. ትኬቶቹን በመተግበሪያው ክፈቱና የስልኩን ብርሃን ከፍ አድርጉ። በር ላይ ሺህ ሰው ኢንተርኔት ሲጠቀም መስመሩ ይጨናነቃል። ትኬቱን ወደ ስልኩ ዋሌት ቀድሞ ያስገባ ሰው ሳይቸገር ያልፋል።

ለ. ልጆቹን በዚያን ቀን ልብሳቸው ፎቶ አንሷቸው። ቢጠፉ «ሰማያዊ ሹራብ መሰለኝ» ከማለት ፎቶውን ማሳየት ይፈጥናል። የስልክ ቁጥራችሁን በእስክሪብቶ ክንዳቸው ውስጠኛ በኩል፣ እጅጌው በሚሸፍነው ቦታ ጻፉላቸው። መዳፍ ላይ አትጻፉ፤ አንዴ ሲታጠቡ ይለቃል።

ሐ. ሽንት ቤት ሂዱ የሚለው ትእዛዝ ከገባችሁ በኋላ ወዲያው ይሁን።

ፍተሻውን ስታልፉ አንድ አዋቂ ከፊት፣ ልጆች መሀል፣ ሌላው አዋቂ ከኋላ ይሁን። ልጅ ብቻውን ወዲያ ማዶ የሚቀረው ሁለቱም ወላጆች ኪሳቸውን ሲያራግፉ ነው። ከገባችሁ በኋላ የሴክሽናችሁን ቁጥር ለልጆቹ አሳዩና ጮክ ብለው ይድገሙት። ከጠፉ ወደ ውጭ እንዳይወጡ፣ የአሬናውን ደንብ ልብስ ለለበሰ ሠራተኛ እንዲናገሩ ንገሯቸው።

አብዛኛው አሬና አንዴ የወጣን ሰው መልሶ አያስገባም። «መኪና ውስጥ የረሳሁትን ላምጣ» አይሠራም።

ደረጃ 8፦ ጨዋታውን እየተከታተላችሁ

ለማያውቅ ሰው ይህን ያህል ይበቃዋል። የወንዶቹ ሁለት ባለ 20 ደቂቃ አጋማሽ፣ የሴቶቹ አራት ባለ 10 ደቂቃ ክፍል ነው። ቡድኑ ኳስ ከያዘ በ30 ሴኮንድ ውስጥ ወደ ቅርጫቱ መወርወር አለበት። አምስት ፋውል የሠራ ተጫዋች ይወጣል። እኩል ከሆኑ 5 ደቂቃ ይጨመራል።

ልጆች ሁልጊዜ የሚጠይቁት አንድ ነገር አለ፦ «ለምንድን ነው አሁን ሁለት የማይወረውረው?» በወንዶቹ ጨዋታ ተጋጣሚው በአንድ አጋማሽ 7ኛውን ፋውል ሲሠራ፣ የተጠለፈው ተጫዋች መጀመሪያ አንድ ቅጣት ምት ይወረውራል። ሁለተኛውን የሚያገኘው የመጀመሪያውን ካስገባ ብቻ ነው። ከ10ኛው ፋውል ጀምሮ ግን ሁለቱንም ይወረውራል። ይህን ያወቀ ልጅ የመጨረሻዎቹን ደቂቃዎች ቆሞ ነው የሚያያቸው።

ምክንያቱን ዋሽንግተን በዓይኗ አይታዋለች። በ2024 ኤሲሲ የሚባለው ሌላ ኮንፈረንስ ውድድር ካፒታል ዋን አሬና ነበር። በግማሽ ፍጻሜው ቨርጂኒያ ሴኮንዶች ሲቀሩት በ3 ነጥብ እየመራ እንዲህ ያለ ቅጣት ምት ሳተ። የኖርዝ ካሮላይና ስቴቱ ማይክል ኦኮነል ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል ከሩቅ የወረወራት ባለ 3 ነጥብ ኳስ ሰሌዳውን ነክታ ገባች። ጭማሪ ሰዓት ተጫውተው ኖርዝ ካሮላይና ስቴት 73 ለ 65 አሸነፈ፣ በማግስቱም ዋንጫውን ወሰደ። በአምስት ቀን አምስት ጨዋታ ነው ያሸነፉት። «ሰልፍ ሳይበዛ እንውጣ» ብሎ የወጣ ሰው ምን እንዳመለጠው አስቡት።

ሽንት ቤትና ምግብ የሚኬድበት ሰዓትም አለው። በዕረፍት ሰዓት ሁሉም ስለሚነሳ ሰልፉ ረጅም ነው። ዕረፍቱ ሊደርስ 5 ደቂቃ ገደማ ሲቀር ተነሱ። ስትመለሱ አስተናጋጁ ደረጃው ጫፍ ላይ ሊያቆማችሁ ይችላል፤ ጨዋታው እስኪቆም ነው፣ የሌላውን እይታ እንዳትከልሉ። አትከራከሩ። በወንዶቹ ጨዋታ ሰዓቱ ከ16፣ ከ12፣ ከ8 እና ከ4 ደቂቃ በታች ከወረደ በኋላ ኳስ ስትቆም የቴሌቪዥን ዕረፍት ስላለ ብዙ አትጠብቁም።

የኮሌጆቹ የሙዚቃ ባንድ ከሜዳው ጫፍ፣ ከቅርጫቱ ጀርባ አካባቢ ይቀመጣል። ልጆች በጣም ይወዱታል። ግን ከበሮውና ጥሩምባው ከባድ ነው፣ የሰዓቱ ጩኸትም ያስደነግጣል። የሕፃኑን ጆሮ መከላከያ ከመጀመሪያው አድርጉለት። ካለቀሰ በኋላ አልደፋም ይላል።

ደረጃ 9፦ አወጣጥና መመለሻ

ጨዋታው ሲያልቅ ወዲያው አትነሱ። 10 ደቂቃ ቁጭ በሉ፣ ወንበር ሥር የወደቀ ጓንትና ቆብ ሰብስቡ። ሕዝቡ ከደረጃው ላይ ሲቀል ውጡ። ጣቢያ ላይ ካርድ ለመሙላት የሚሰለፈውን ስታዩ ከቤት ሞልታችሁ መምጣታችሁ ጥቅሙ ይገባችኋል።

የቀን ሴሽን ካያችሁ የምትወጡት የጾመም የራበውም የሚበላበት ሰዓት ላይ ነው። ያው አረንጓዴ መስመር ሳትቀይሩ ዩ ስትሪት ያደርሳችኋል። እዚያና 9ኛው መንገድ አካባቢ የሐበሻ ምግብ ቤቶች አሉ። ቅዳሜ ማታ ስለሚሞሉ ዕረፍቱ ላይ ደውላችሁ ቦታ ያዙ። አንድ ሰፊ የጾም በያይነቱ ቤተሰቡን ያጠግባል። የማታ ሴሽን ከሆነ የመጨረሻው ባቡር ስንት ሰዓት እንደሆነ ከመግባታችሁ በፊት እወቁ።

የተለመዱ ስህተቶች

- ሁለቱንም ሴሽን በአንድ ቀን መግዛት። አዋቂም ይደክመዋል።
- የሁሉንም ትኬት በአንድ ስልክ ይዞ ለየብቻ መምጣት። የዘገየው ሰው በር ላይ ይቀራል። ቀድማችሁ አስተላልፉለት።
- ልጆችን በጥሬ ገንዘብ ብቻ መላክ። አያት የሰጡት 20 ዶላር በብዙ አሬና ውስጥ ምንም አይገዛም። ካርድ ያለው አዋቂ አብሮ ይሂድ።
- ወፍራም የክረምት ካፖርት ለሁሉም መልበስ። የሚሰቀልበት ቦታ ስለማይኖር አምስት ሰዓት ታቅፋችሁት ትቀመጣላችሁ። ደራርቦ መልበስ ይሻላል።
- የአንዱን ቡድን ቀለም ለብሶ የሌላው ደጋፊ መሀል መቀመጥ። ክፉ የሚናገር ሰው እምብዛም አይገጥምም፤ ልጁ ግን ብቻውን ሲያጨበጭብ ይሸማቀቃል። ሲገዛ የየቡድኑ ደጋፊ የት እንደሚቀመጥ ተመልከቱ፣ ወይም ቀለም የሌለው ልብስ አልብሱት።
- የጨዋታውን ሰዓት አንዴ አይቶ መተው። በውድድር ላይ ማን ከማን እንደሚገናኝ የሚታወቀው በዋዜማው ነው፤ ሰዓቱም ሊሸጋሸግ ይችላል። ከቤት ልትወጡ ስትሉ አንዴ ደግማችሁ እዩት።